ስስ የላሜራ ቁራጭን በፍጥነት ለመፈተሽ፦ ማሽን ከመግዛትዎ በፊት

ሰላም ለእርስዎ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባለው ወርክሾፕዎ ለቆጣሪ ሳጥን የሚሆኑ የ1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ቁራጮች በሌዘር እያስቆረጡ፣ እያንዳንዱን በካሊፐር (በመንጋጋው መካከል ይዞ በሚለካው መሣሪያ) መለካቱ የሠራተኛ ጊዜ እየበላ እንዳስቸገረዎት ጽፈው፣ በካሜራ የሚለካ ማሽን ልግዛ ወይ ብለው ጠይቀዋል። እኔም መርካቶ ውስጥ በዚሁ በላሜራ ሥራ ነው የምተዳደረው። መልሴ አሁን አይግዙ ነው።

ከለጠፉት ሥዕል እንዳየሁት ዋናው ጉዳይ ሁለቱ ቀዳዳዎች ናቸው። ስፋታቸው 8.2 ሚሊ ሜትር፣ ከመሐል እስከ መሐል ርቀታቸው 120 ሆኖ በሁለቱም ልኮች ላይ 0.2 ወዲህና ወዲያ ቢል ይፈቀዳል። የውጭው ጠርዝ ትንሽ ቢዛነፍ ሳጥኑ አይጎዳም። ታዲያ በየቁራጩ ላይ ቁጥር ማንበብ ምን ይጠቅማል? እርስዎ ማወቅ ያለብዎት ብሎኑ ገብቶ ሳጥኑ ይታሰራል ወይስ አይታሰርም የሚለውን ብቻ ነው።

ስለዚህ ሁለት ዘንጎች ያዘጋጁ፤ 8.0 የሆነው በቀዳዳው ማለፍ አለበት፣ 8.4 የሆነው ማለፍ የለበትም። ቶርኖ ቤት ማስቀረጽ ይቻላል። ለ8.0ው ግን ከአዲስ ኩሽኔታ የሚወጣ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር እመርጣለሁ፤ ጠንካራ ነው፣ ልኩም እጅግ የተጠነቀቁበት ነው። ለርቀቱ ደግሞ በወፍራም ብረት ላይ 7.8 የሆኑ ሁለት ፒኖች በ120 ርቀት ያስተክሉ። ቀዳዳዎቹ በጠበቡበት በ8.0 ላይ እንኳ ቢሆኑ ርቀቱ እስከ 0.2 ድረስ ሲዛነፍ ቁራጩ ይገባል፤ ከዚያ ካለፈ አይገባም። ቀዳዳው ሰፋ ሲል ፒኖቹ የበለጠ መዛነፍ ያሳልፋሉ፤ ለብሎን ማሰሪያ ግን ይህ ጉዳት የለውም።

ካሊፐር ለስስ ላሜራ የማይመችበትን ምክንያት በእጅዎ ያረጋግጡት። ከሌዘር በወጣው ቁራጭ የታችኛው ጠርዝ ላይ ጥፍርዎን ያስኪዱ፤ ቀልጦ የረጋው ብረት ይይዝዎታል። የካሊፐሩ መንጋጋ እዚያ ላይ ሲያርፍ ቁራጩ ከእውነተኛ ልኩ ሰፍቶ ይነበባል። የውስጥ መለኪያው ጫፍ ደግሞ ትንሽ ጠፍጣፋ ስለሆነ ጠባብ ክብ ቀዳዳን ከልኩ አሳንሶ ያሳያል። በዚህ ላይ ሠራተኛው ጠበቅ አድርጎ ሲይዘው ላሜራው ይጎብጣል። ሁለት ሠራተኞች ያንኑ ቁራጭ ለክተው በተለያየ ቁጥር የሚከራከሩት ለዚህ ነው። በየትኛውም ዘዴ ቢፈትሹ መጀመሪያ ጠርዙ በሞረድ ይጽዳ።

ከአዲስ ሥራ የመጀመሪያውን ቁራጭ ለመለካት፣ ወይም ቅርጹ የተወሳሰበ ከሆነ፣ ተራ የሰነድ ስካነር ይበቃል። በኢንች 600 ነጥብ ሲያነሣ አንዱ ነጥብ 0.042 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ለ0.2 ልዩነት ምቹ ነው፣ ለ0.05 ግን አይታመንም። ምስሉን ኢሜጅጄ (ImageJ) በተባለው ነጻ የኮምፒውተር ፕሮግራም መለካት ይቻላል። አስቀድመው የብረት ማስመሪያ በቁመትም በአግድምም ስካን አድርገው ሚዛኑን ያስተካክሉ፤ የስካነሩ መብራት በሚጓዝበት አቅጣጫ ያለው ልክ ከሌላው ሊለይ ይችላልና። ያልተሞረደ ቁራጭ መስታወቱን እንደሚቧጥጥም አይርሱ።

የካሜራው ማሽን ዋጋ የሚኖረው ቅርጹ በየጊዜው ሲለዋወጥ፣ የሚፈቀደው ልዩነት ወደ ሚሊ ሜትር መቶኛ ሲወርድ ወይም ደንበኛው በቁጥር የተሞላ ሪፖርት ሲጠይቅ ነው። ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ማሽን በብር ስንት እንደሚያወጣ እርስዎም ያውቁታል።

አንድ ነገር ግን ሥዕሉ ላይ አላየሁም፤ ቀለሙን። የዱቄት ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከ0.06 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ በቀዳዳው ዙሪያ ሁሉ ስለሚያርፍ ስፋቱን በእጥፉ ይቀንሰዋል። ከቀለም በፊት 8.1 ሆኖ ያለፈ ቀዳዳ ከቀለም በኋላ 8.0ውን ዘንግ አያስገባም። ልኩ ከቀለም በፊት ይሁን በኋላ ደንበኛዎን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ዘንጎቹንም ፒኖቹንም መልሱ ሳይደርስዎ አያስቀርጹ።