ፋይሉ የማን ነው?

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ፕሮግራመር፣ አምስት ሆነው በአንድ ሰርቨር ላይ ሲሠሩ አንዱ የጫነውን ፋይል ሌላው ሊለውጠው እንደማይችል ነግራኝ፣ «ሁሉንም 777 ባደርገው ምን ችግር አለው?» ስትል ጠየቀችኝ፤ 777 በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ፋይልን ለሁሉም ክፍት የሚያደርግ የፈቃድ ቁጥር ነው። መልሱን ከመስጠቴ በፊት ለብዙ ዓመታት አንሥቼው የማላውቀው አንድ ጠዋት ትዝ አለኝ።

ያኔ ሦስት ነበርን፤ አንጋፋው እኔ ነበርሁ። አንድ ምሽት ቸኩዬ አዲሱን ኮድ በሱዶ፣ ማለትም በሰርቨሩ ዋና አስተዳዳሪ ሥልጣን፣ ወደ ጋራ ፎልደራችን ገልብጬ ወጣሁ። በማግስቱ ከሁላችን የሚያንሰው ባልደረባችን የራሱን ሥራ ሲጭን ገሚሱ ፋይል ተተክቶ ገሚሱ በነበረበት ቀረና ሲስተሙ ቆመ። እኔም ምንም ሳላጣራ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «ሳታረጋግጥ ለምን ትጭናለህ?» ብዬ ተቆጣሁት። አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ የፋይሎቹን ዝርዝር ሳወጣ፣ የባለቤቱ ስም በሚጻፍበት በሦስተኛው ዐምድ ላይ «ሩት»፣ ማለትም የዋናው አስተዳዳሪ አካውንት ይላል፤ ሰዓቱ ደግሞ 20:47፣ ማለትም እኔ ልወጣ ስል ነው። ፎልደሮቹን የፈጠርኋቸው በሩት ስም ስለነበር እርሱ ሊጽፍባቸው አይችልም ነበር። ባለቤትነቱን ቀየርሁ፣ ሲስተሙ ተነሣ፣ ልጁም አመሰገነኝ። እኔ ግን እውነቱን አልነገርሁትም። ከዚያ ወዲያ አብረን በሠራንበት ጊዜ ሁሉ አንዲት ፋይል እንኳ ከመጫኑ በፊት «ልጫን?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። 777 ማለት ሰርቨሩ ላይ ያለ ማንኛውም ተጠቃሚና ፕሮግራም ኮዳችሁን ይለውጥ ማለት ነው፤ በስሕተት የአካውንቱን ዋና ፎልደር እንዲህ ካደረጋችሁት ደግሞ ከሩቅ ወደ ሰርቨሩ የሚያስገባችሁ ኤስኤስኤች ቁልፋችሁን አልቀበልም ብሎ በር ይዘጋባችኋል። ይልቅስ ሁላችሁንም በአንድ ግሩፕ ውስጥ አስገቡ፤ አዲስ የሚፈጠር ፋይል የፎልደሩን ግሩፕ እንዲወርስ ፎልደሮቹን 2775 አድርጉ፤ ከአዲስ ፋይል ላይ የትኛው ፈቃድ እንደሚቀነስ የሚወስነውን ዩማስክም ከ022 ወደ 002 ለውጡ፤ አለዚያ አዲሱ ፋይል 644 ሆኖ ይወጣና ግሩፑ ከማንበብ በቀር ምንም አያደርግም። ከሌላ ቦታ የተዛወረ ፋይል ግን የቀድሞ ግሩፑን እንደያዘ ይመጣል። ከሁሉ የሚሻለው ኮዱን በአንድ አካውንት የሚጭን አውቶማቲክ መሣሪያ ነው፤ ሆኖም ያን ጠዋት ሁሉም ፋይል በአንድ ስም ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን እኔም አላውቅም ነበር።

የዛሬ ወጣቶች የተጻፈላችሁን ትእዛዝ ሳታነቡ ታስኬዳላችሁ እያልሁ አዘውትሬ እወቅሳችኋለሁ። ይህች ልጅ ግን ከማስኬዷ በፊት ጠየቀች፤ እኔ ያን ምሽት ማንንም አልጠየቅሁም።

አንተም ወንድሜ፣ ይህ ደብዳቤ እጅህ ከገባ፣ ፎልደሩን የቆለፍሁት እኔ ነበርሁ፤ ይቅርታ አድርግልኝ።