ካርቦን ናኖፋይበር ለሴንሰር ምን ይጠቅማል? ጥያቄና መልስ

ካርቦን ናኖፋይበር ከፀጉር እጅግ የቀጠነ የካርቦን ክር ነው። በካርቦን ኤሌክትሮድ፣ ማለትም በሴንሰር ውስጥ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፈው የካርቦን ክፍል፣ ሥራ ላይ ስለቆየሁ የምችለውን ያህል እመልሳለሁ። ጠይቁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ናኖፋይበር ከናኖቱቦ በምን ይለያል?

መልስ፦ ናኖቱቦ የካርቦን አተሞች አንሶላ ያለ ስፌት የተጠቀለለበት ነው፤ ጎኑ ለስላሳ ስለሆነ ኬሚካል እምብዛም አይይዝም። ከጋዝ የሚበቅለው ናኖፋይበር ግን ብዙ ጊዜ እርስ በርስ እንደተደራረቡ ሲኒዎች ነው። የየሲኒው ከንፈር በጎን በኩል ይወጣል፤ ኤሌክትሮን የሚሻገረውም ኢንዛይም (ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) የሚጣበቀውም በዚያ ጠርዝ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ መሥራት ይቻላል?

መልስ፦ አዎ፣ በሌላ መንገድ። የሹራብ አክሪሊክ ክር የሚሠራበት ፖሊመር፣ ፖሊአክሪሎናይትራይል፣ ዲኤምኤፍ በተባለ ፈሳሽ ውስጥ በክብደት 10 በመቶ ገደማ ሆኖ ይሟሟል። ውህዱ በሲሪንጅ ተሞልቶ በመርፌውና ከፊቱ ባለው የብረት ሰሌዳ መካከል ከ10 እስከ 20 ኪሎቮልት ይለቀቃል። ጠብታው ይሾልና ከጫፉ ክር ይፈተለካል፤ ክሩ አየር ላይ እየተገረፈ ይቀጥናል፣ ፈሳሹ ይተናል፣ ሰሌዳው ላይ ስስ ነጭ ጨርቅ ይነጠፋል።

ትዕግሥት የሚጠይቀው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ጨርቁ በአየር ውስጥ በደቂቃ አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ እየተጨመረለት እስከ 280 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ይሞቃል። መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ ይሆናል። ተማሪዎች የሚቸኩሉት እዚህ ነው፤ ከተቸኮለ ክሮቹ ተጣብቀው አንድ ይሆናሉ፣ የተደከመበት የገጽታ ስፋትም ይጠፋል። በመጨረሻ በናይትሮጅን ውስጥ ከ800 ዲግሪ በላይ ይከስላል። ምድጃው አየር ካስገባ ክሩ ተቃጥሎ ያልቃል።

ጥያቄ፦ የስኳር ሕመም አለብኝ። ጣት ከመውጋት ይገላግለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ስኳሩን የሚለየው ካርቦኑ አይደለም፤ ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙ ሲሠራ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይወጣል፣ ኤሌክትሮዱ እሱን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጣል። ናኖፋይበር ብዙ ኢንዛይም ስለሚሸከም ምልክቱ ይጎላል፤ ኢንዛይሙ በሙቀት መበላሸቱን ግን አያስቀርም። ጣት መውጋትን በአብዛኛው የሚያስቀረው ከቆዳ ሥር የሚገባው መሣሪያ ነው፣ እሱም ያለ ናኖፋይበር ገበያ ላይ አለ።

ጥያቄ፦ በስምጥ ሸለቆ የምንጠጣው ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። በዚህ ይለካል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለፍሎራይድ ገንዘብህን አታባክን። የላንታነም ፍሎራይድ ክሪስታል ያለው ኤሌክትሮድ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠውን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ያለ ችግር ይለካል። ናኖፋይበር የሚያዋጣው እርሳስና ካድሚየምን ለመለየት ነው። በአሉታዊ ቮልቴጅ ብረቶቹ ኤሌክትሮዱ ላይ ይከማቻሉ፤ ቮልቴጁ ከፍ ሲል እያንዳንዱ በየራሱ ነጥብ ተመልሶ ይሟሟል፣ የሚፈሰው ኤሌክትሪክም መጠኑን ይነግራል።

ጥያቄ፦ ኮንክሪት ውስጥም ይጨመራል ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ነው። ክሮቹ መረብ ሠርተው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ፤ ኮንክሪቱ ሲጫን ወይም ሲሰነጠቅ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ይለወጣል። ነገር ግን እርጥበትም ይለውጠዋል። ዝናብን ከጭነት ሳይለዩ የቀረበ ውጤት አያሳምነኝም።

ጥያቄ፦ ለጤናስ?

መልስ፦ ብናኙ ወደ ሳንባ እንዳይገባ ተጠንቀቁ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም በ2013 እ.ኤ.አ. ለሠራተኛ የመከረው ወሰን በኪዩቢክ ሜትር አየር 1 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ጨርቁን በመቀስ ስትቆርጡም ጭንብል አድርጉ። ዲኤምኤፍ ደግሞ በቆዳ አልፎ ጉበት ይጎዳል።