የቤት ቀለም በጀት ሐዋሳ ላይ፦ ብሩን በግድግዳ ከፋፍይው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። አላሙራ በኩል ባለ 3 መኝታ ቤት አለሽ፣ ልስኑ አልቋል፣ ውስጥም ውጪም ለማስቀባት ምን ያህል ብር ልያዝ ነው ያልሽው። አንዱ ቀቢ በጥቅል ልሥራልሽ ብሎሻል፣ ሌላው በካሬ ነግሮሻል። ሲዳማ ሐገረ ሰላም ያለውን የእናትሽን ቤትም አብረሽ ማስቀባት አስበሻል። እኔ ታቦር አካባቢ የራሴን ቤት አስቀብቻለሁ። ከዚያ የወንድሜንና የአክስቴንም ቤት ዕቃ ከመግዛት እስከ ሒሳብ መዝጋት ያስጨረስኩት እኔው ነኝ። ያየሁትን ልንገርሽ።

የብር ቁጥር ግን አልጽፍልሽም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ ጥሬ ዕቃ የሚፈልግ ነገር ሁሉ ዋጋው አንድ ቦታ አይቆምም፣ ቀለም ደግሞ ከነዚያ አንዱ ነው። ዛሬ የምነግርሽ ዋጋ በሚቀጥለው ወር ያሳስትሻል። አንቺ መጠኑን በካሬና በሊትር ያዢ። መጠኑ በእጅሽ ካለ በአንድ ከሰዓት ሦስት ሱቅ ዞረሽ ዋጋውን ትሞይዋለሽ። ስትጠይቂ 15 በመቶው ቫት ገብቶበት ነው ወይስ ሳይገባ የሚለውን አትርሺ፣ ብዙ ሰው በጀቱ የሚፋለስበት እዚህ ላይ ነው።

በጥቅል የሚለውን ሰው በትህትና እምቢ በይው። በጥቅል ስትስማሚ የሚቀነሰው ነገር ሁልጊዜ የማይታየው ነው፤ ከቀለም በፊት ግድግዳውን የሚያለሰልሰው ስቱኮ ይሳሳል፣ ብርጭቆ ወረቀቱ ይዘለላል፣ ቀለሙ ውሃ ይበዛበታል። የእጅ ዋጋ ለብቻ በካሬ፣ ዕቃ ደግሞ በራስሽ ገዝተሽ ይሁን።

ልኬቱ ከባድ አይደለም። ቤትሽ 10 በ12 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር ነው እንበል። ዙሪያው 44 ሜትር ነው፣ በ3 ሲባዛ 132 ካሬ። በርና መስኮቱ 22 ካሬ ቢሆን የሚቀባው 110 ካሬ ይሆናል። ጥሩ የፕላስቲክ ቀለም፣ በውሃ የሚበጠበጠው ማለቴ ነው፣ ለስላሳ ግድግዳ ላይ በአንድ ሊትር አንድ እጅ፣ ማለትም አንድ ዙር ሲቀባ፣ 10 ካሬ አካባቢ ይሄዳል። የውጪ ልስን ግን ሸካራ ስለሆነ ይጠጣል፣ እኔ የማሰላው በ8 ነው። ስለዚህ ከቀለሙ በፊት ለሚቀባው ፕራይመር 14 ሊትር፣ ለሁለት እጅ ቀለም 28 ሊትር፣ ከዚያ በሁለቱም ላይ 10 በመቶ መጠባበቂያ። የውስጡን ክፍል በክፍል ለኪው፣ ምክንያቱም አንድ ግድግዳ በሁለት በኩል ይቀባል። አብዛኛውን ጊዜ የውስጥ ግድግዳ ከወለሉ ስፋት 2 ተኩል እስከ 3 እጥፍ ይመጣል። ኮርኒሱ ለብቻው ይቆጠራል።

አሁን ዋናው ነገር። ብሩን በቤት ሳይሆን በግድግዳ ከፋፍይ። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ቀለም የሚያበላሸው የፀሐይ ጨረር፣ አልትራቫዮሌት የሚባለው፣ ወደ 10 በመቶ ይጨምራል። እኛ ደግሞ ከምድር ወገብ ብዙም አንርቅም። ይህ ጨረር ቀለሙን ግድግዳው ላይ የያዘውን ሙጫ ይሰባብረዋል። በእጅሽ ስትነኪው እንደ ጠመኔ የሚለቅ ግድግዳ አይተሽ ከሆነ እሱ ነው። ግን ሁሉም ግድግዳ እኩል አይመታም። በበጋ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ጊዜ፣ የቀትር ፀሐይ ከደቡብ በኩል ዘንበል ብላ ነው የምትሄደው፣ ከሰዓት ደግሞ ምዕራቡን ታቃጥላለች። ክረምት ላይ ወደ ሰሜን ብትዞርም ደመናው ይከላከላል። ስለዚህ የደቡቡና የምዕራቡ ግድግዳ ቀድሞ ይደክማል። በረንዳ ሥር ያለው ደግሞ ዓመታት አልፈውም ምንም አይሆንም።

እኔ የማደርገው ይሄን ነው። ውጪው ሁሉ አንድ ዓይነት ጥሩ የውጪ ቀለም ይቀባል። የደቡቡና የምዕራቡ ግድግዳ ላይ ሦስተኛ እጅ ይጨመራል። ከላይ ባሰላነው ቤት ይህ 7 ሊትር ገደማ ነው፣ ከጠቅላላው ጋር ሲታይ ትንሽ ነው። ያንን ብር ኮርኒስና መኝታ ቤት ላይ መካከለኛ ቀለም በመግዛት ታገኚዋለሽ፣ እዚያ ፀሐይ የለም። የቀለሙ ምርጫም ገንዘብ ነው። ክሬም፣ የአፈር ቢጫ፣ የሸክላ ቀለም ከብረት ኦክሳይድ ስለሚሠሩ ፀሐይን ይችላሉ። ደማቅ ቀይና ሐምራዊ ግን ቶሎ ይለቃሉ፣ እነሱን ከወደድሻቸው ሳሎን ውስጥ አድርጊያቸው።

ከቀለም በፊት የሚወጣውን ብር አትቆጥቢ። አሸንዳው ቀዳዳ ካለው መጀመሪያ እሱ ይጠገን፣ ካልሆነ ግድግዳው ከጀርባ ረጥቦ ቀለሙን ይገፋዋል። አዲስ ልስን ቢያንስ 28 ቀን መቆየት አለበት፣ እዚህ ፀሐዩ ላዩን ቶሎ ስለሚያደርቀው ውስጡ የደረቀ ይመስላል። ቀላል መፈተኛ አለ፦ አንድ ክንድ የሚያህል ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር ግድግዳው ላይ አጣብቀሽ እስከ ማግስቱ ተዪው። ከሥሩ ጠል ካቆረ ገና ነው። ከመሬት 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ የሚለው ክፍል ደግሞ ዝናብ ጭቃ የሚረጭበት ነው። እሱን በጠቆር ያለ ቀለም ለይተሽ አስቀቢው ወይም ድንጋይ አስለጥፊበት፣ አለበለዚያ በየዓመቱ ያንን ብቻ ስታስቀቢ ትኖሪያለሽ። የብረት በርና መስኮት ዝገት የሚከላከለው አንቲረስት ሳይቀባ ቀጥታ ሲንተቲክ፣ የዘይት ቀለሙ፣ እንዳይነካው።

ወቅቱን በተመለከተ፣ እዚህ ዝናቡ ከመጋቢት አካባቢ ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሄዳል። የውጪውን ሥራ ከኅዳር እስከ ጥር አድርጊው። የውስጡ በክረምትም ይሠራል። ለእንቁጣጣሽና ለፍቼ ጫምባላላ ሁሉም ሰው ቤቱን ማደስ ስለሚፈልግ ቀቢ አይገኝም፣ ቢገኝም ይወደዳል፣ ሥራውም ይጣደፋል። በቀኑ ውስጥም ሰዓት አለው። የሌሊቱ ጠል ከግድግዳው እስኪደርቅ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ይጠበቅ፣ ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ይቁም። ቀቢው ጥላ እየተከተለ ይሥራ፣ ጠዋት ምዕራቡን፣ ከሰዓት ምሥራቁን። በሚነድ ፀሐይ የተቀባ ግድግዳ ቀለሙ ሳይሰምር ስለሚደርቅ የሮለሩ መስመር እንዳለ ይቀራል።

ውሉን በወረቀት ጻፉት፣ አንድ ገጽ ይበቃል። ስንት እጅ እንደሚቀባ፣ ስቱኮ በካሬው ውስጥ መግባቱን፣ በርና መስኮት ከልኬቱ መቀነሱን፣ መወጣጫና ሮለር የማን እንደሆነ፣ ወለሉን ማን እንደሚያጸዳ። ቀብድ ከሩብ አይበልጥ። ሁለተኛው ክፍያ ስቱኮው ተሞርዶ ስታዪው፣ ሦስተኛው ከመጀመሪያው እጅ በኋላ፣ የቀረው ሲያልቅና አብራችሁ በቀን ብርሃን ዞራችሁ ስታዩት። ቀለሙን ስትገዢ አንድ ጊዜ ግዢው፣ የባች ቁጥሩም፣ አብሮ የተመረተበትን የሚያሳየው፣ አንድ ይሁን። ወንድሜ ቤት መሀል ላይ ቀለም አልቆ ተጨምሮ ስለተገዛ የአንዱ ግድግዳ ቀለም ለሁለት ተከፍሎ ቀርቷል። ውሃ የሚጨመረው ባልዲው ላይ የተጻፈውን ያህል ብቻ ነው፣ ሲበጠበጥ አጠገባቸው ቁሚ። ይህ ሰውን መጠራጠር አይደለም፣ ጎበዝ ቀቢ በዚህ አይከፋም።

የእናትሽ ቤት ሌላ ሒሳብ ነው። ሐገረ ሰላም ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፣ ጨረሩ ከሐዋሳም ይበረታል፣ በዚያ ላይ ጉምና ብርድ አለው። የፕላስቲክ ቀለም ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ በደንብ አይያያዝም። በቀን የሚሠራበት ሰዓት ስለሚያጥር ቀን ጨምረሽ አስቢ፣ ከሐዋሳ ሠራተኛ የምትወስጂ ከሆነ ማደሪያና ምግብም በጀት ውስጥ ይግባ። ጥላ የሚበዛበት ግድግዳ አረንጓዴ ሻጋታ ያወጣል፣ እሱ ታጥቦ ፀረ ሻጋታ ያለው ቀለም ይቀባ። ቤቱ የጭቃ ከሆነ ደግሞ ፕላስቲክም ሲንተቲክም አታስቀቢው። ጭቃ ይተነፍሳል፣ እርጥበቱን ቀለሙ ሲያፍነው ከነልስኑ ተልጦ ይወርዳል። ኖራ አስቀቢው፣ ርካሽ ነው፣ በየዓመቱ መድገምም አይከብድም። የድሮ የዘይት ቀለም ያለበት በር ካለ በደረቁ አያስፈትጉት፣ የቀድሞ ቀለሞች እርሳስ ሊኖራቸው ስለሚችል አቧራው ለልጆች አደገኛ ነው። እያረጠቡ ይፈትጉት፣ ልጆቹም ያን ቀን ጎረቤት ይዋሉ።

ቤትሽ ፊቱ ወዴት እንደሆነና የግድግዳዎቹን ልክ እዚሁ ጻፊልኝ። ሊትሩን አብረን እናወጣዋለን፣ ከዚያ ወደ ሱቅ ትሄጃለሽ።