ከመክፈልህ በፊት ሌንሱን በስልክህ መብራት እየው

ወንድም፣ ጥያቄህን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። ጅማ ነኝ፣ የመጀመሪያ ዲኤስኤልአሬን (ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ) ልገዛ ነው፣ ብሬ ብዙ አይደለም፣ አዲስ ካነን 4000ዲ ልውሰድ ወይስ ያገለገለ 600ዲ፣ ኒኮንስ እንዴት ነው፣ ወደፊት ምርቃትና ሠርግ ማንሳት አስባለሁ ነው ያልከው። ሌሎቹ የሰጡህንም መልስ አነበብኩት። አንዱ ካነን ይላል፣ አንዱ ኒኮን ይላል፣ ልክ እንደ ኳስ ደጋፊ። እኔ እዚሁ ጅማ ስድስት ዓመት ሠርግ አንስቻለሁ፣ ገንዘቤንም እዚሁ አቃጥያለሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሰኝ።

አጭሩ መልስ ያገለገለውን 600ዲ ግዛ ነው። ግን ብርህን ሙሉውን ቦዲው ላይ፣ ማለትም ሌንስ የሌለው ካሜራው ላይ፣ አትጨርሰው። አንድ ሦስተኛ ገደማውን ለሌንስ፣ ለትርፍ ባትሪና ለሜሞሪ አስቀር። እኔ ይህን ሲነግሩኝ አልሰማሁም ነበር።

4000ዲ አዲስ ነው፣ ከካርቶን ሲወጣ ሽታው ራሱ ደስ ይላል፣ ይገባኛል። ግን ዋጋው እንዲወርድ ምን ምን እንደተቀነሰበት እይ። ሌንሱ የሚታሰርበት ቀለበት ፕላስቲክ ነው። መመልከቻውን ለዓይንህ የምታስተካክልበት ነገር የለውም፤ ዓይንህ መነጽር የሚፈልግ ከሆነ ያስመርርሃል። ማይክ የሚሰካበት ቀዳዳ የለውም። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ፍላሽ የሚሰካበት ቦታ ላይ መሃል ላይ መኖር የነበረባት ነጥብ የለችም። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ነገር ግን ብዙዎቹ ርካሽ የቻይና ፍላሾችና ትሪገሮች (ፍላሹን ከርቀት የሚያስተኩሱት) የሚተኩሱት በሷ ነው፤ ካሜራውን በርካሽ ገዝተህ ፍላሹን በውድ ትገዛለህ ማለት ነው። ሌላው የካነን ርካሽ ካሜራ 2000ዲም ቀለበቱ ብረት ይሁን እንጂ በዚህች ነጥብ ነገር ያው ነው።

600ዲ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ነው። አሮጌ ነው፣ አዎ። ግን ሜጋፒክሰሉ 18 ነው፣ ከሱ ሰባት ዓመት ዘግይቶ የመጣው 4000ዲም 18 ነው። ስክሪኑ ወደ ጎን ተከፍቶ ይዞራል፣ ማይክ ይቀበላል፣ ማንኛውም ፍላሽ ይሠራበታል። በተቀራራቢ ዋጋ 700ዲ ካገኘህ እሱን ውሰድ፣ ስክሪኑ በጣት ይነካል። የሁለቱ ባትሪ አንድ ዓይነት ነው፣ ስለዚህ ባትሪ ከሰው መዋስ ይቻላል። ይህ ሠርግ መሃል ላይ ስትደርስ ነው የሚገባህ።

አሁን ኒኮን። እኔ የጀመርኩት በኒኮን ዲ3100 ነው። አዲስ አበባ ካለ ሰው ያገለገለ ገዛሁ፣ ከ50 ሚሊ ሜትር 1.8 ሌንስ ጋር። ሻጩ "ሌንሱ ኦሪጅናል ነው" አለኝ። አልዋሸም፣ ኦሪጅናል ነበር። ያልነገረኝ ግን ሌንሱ የድሮው ዲ የሚባለው ዓይነት መሆኑን ነው። ያ ሌንስ ፎከስ የሚያደርገው በቦዲው ውስጥ ባለ ሞተር ነው፣ የዲ3000ዎቹና የዲ5000ዎቹ ቦዲዎች ደግሞ ያ ሞተር የላቸውም። እኔ ይህን መች አውቄ! የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ የሌንሱን የፎከስ ቀለበት በእጄ እያዞርኩ ስታገል ዋልኩ፣ ግማሹ ፎቶ ደበዘዘ፣ አክስቴ እስከ ዛሬ "ያ ካሜራህ ዳነ?" ትለኛለች። ዲ3200 ብታገኝ ጥሩ ካሜራ ነው፣ ሜጋፒክሰሉ 24 ነው። ብቻ ሌንሱ ላይ ኤኤፍ-ኤስ የሚል ጽሑፍ መኖሩን በዓይንህ እይ። ካነን ላይ ይህ ጣጣ የለም፤ ኢኤፍ የሚባሉት ሌንሶች እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ሞተራቸው ራሳቸው ውስጥ ነው። ነገ መስታወት አልባውን (ሚረርለስ የሚባለውን) የካነን ካሜራ ብትገዛ እንኳ በአዳፕተር ይሠሩልሃል።

ለምንድን ነው ሌንስ ሌንስ የምለው? ቡና የሚፈላበትን ክፍል አስብ። መስኮቷ አንድ፣ ጭሱ ሞልቶ፣ መብራቱ ደግሞ እንደ ልማዱ ጠፍቶ። ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18-55 ሌንስ 55 ላይ ስታደርሰው አፐርቸሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ፣ ከ5.6 በላይ አይከፈትም፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል። 50ው ግን እስከ 1.8 ይከፈታል፣ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። በ18-55ቱ የእናትዮዋ እጅ ጀበናውን ስታዘነብል ይደበዝዛል፣ በ50ው ቀጥ ብሎ ይወጣል። ያው ካሜራ ነው። የካነን 50 1.8 ከሌንሶች ሁሉ ርካሹ ከሚባሉት ነው፣ እኔ እስካሁን በሱ ነው ብር የምሠራው። አንድ ችግር አለው፣ በነዚህ ካሜራዎች ላይ እንደ 80 ሚሊ ሜትር ሆኖ፣ ማለትም ይበልጥ አቅርቦ ነው የሚያሳይህ። ጠባብ ቤት ውስጥ ጀርባህ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ እንኳ ሦስት ሰው በወጉ አይገባልህም። ለቡድን ፎቶ 18-55ን መልሰህ ትገጥማለህ። ጅሬን ወጥተህ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በኩል ከተማዋን ስታነሳም እሱ በቂ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ማንም ያልነገረህ እሱን ነው። ሻጋታ። የአዲስ አበባ ልጆች ብዙም አያስቡትም፣ እኛ ግን ጅማ ነን። ክረምቱ ረጅም ነው፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ ጫማ እንኳ በሁለት ሳምንት ነጭ ጸጉር ያበቅላል። ሌንስም እንደዛው ነው። ሁለተኛውን ሌንሴን በቆዳ ቦርሳ ጠቅልዬ፣ ከአቧራ ጠበቅኩት ብዬ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም አስቀመጥኩት። ሳወጣው ሻጋታው ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር ሠርቷል። ድሩ የመስታወቱን ቅብ ይበላል፣ ቢጠረግም ጠባሳው ይቀራል። ፎቶው ሁሉ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል፣ በተለይ ፀሐይ ከፊት ለፊት ስትሆን።

ስለዚህ ከመክፈልህ በፊት ሌንሱን አውልቅ፣ የስልክህን መብራት ከኋላ አብራና ከፊት በኩል አዘንበል እያደረግክ እይ። ጥቂት የአቧራ ብናኝ ምንም አይደለም። ቀጭን ክር ወይም ቅርንጫፍ ያለው ነገር ካየህ ሻጩ "ይጠረጋል" ቢልህም መልስለትና ሂድ። ከሌሎቹ ሌንሶችህ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥም አታስገባው። ገዝተህ ስትገባ ደግሞ ክዳኑ ጥብቅ የሚል የፕላስቲክ ዕቃ ፈልግ፣ ከጫማ ካርቶን የሚወጡትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ሰብስበህ ውስጡ ጨምር፣ የቆዳ ቦርሳውን ተወው። ሩዝ ጨምሩ የሚሉ አሉ፣ እኔ አልወደውም፣ ብናኙ ይገባል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ካሜራውን መጠቀም ነው፤ በየሳምንቱ የሚወጣ ሌንስ እንደተቀመጠው አይሻግትም።

ቦዲውን ስታይ ደግሞ አፐርቸሩን 16 ወይም 22 አድርገህ ነጭ ግድግዳ አንሳና አጉልተህ እይ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ከበዛ ምስሉን የሚይዘው ሴንሰር ቆሽሿል። ፍላሹ ብቅ ይበል፣ ስክሪኑን አዙረህ ይጥፋ አይጥፋ እይ፣ እያንዳንዱን ቁልፍ ንካ። የሻተሩን ቁጥር (ካሜራው እስካሁን ስንት ጊዜ እንደተኮሰ) በኒኮን ላይ ያነሳኸው ፎቶ ራሱ ይዞት ይመጣል። 600ዲ ላይ ግን በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተህ በፕሮግራም ነው የሚታየው፣ ስለዚህ ላፕቶፕ ይዘህ ሂድ። በዚህ ደረጃ ያሉ ካሜራዎች ወደ 100,000 ጊዜ እንዲተኩሱ ነው የሚጠበቀው። አንድ ሠርግ ላይ 1,500 የሚያነሳ ሰው ስንት ሠርግ እንደሠራበት አስላው። "ለቤት ብቻ ነው የተጠቀምኩት" የሚል ሻጭ ሁሉ አለ፣ የካሜራው ላስቲክ እጀታ ግን እውነቱን ይናገራል፣ ተላልጦ ከሆነ ሠርግ ሲሮጥበት ነው የኖረው።

በቴሌግራም አይተህ ቀብድ እንዳትልክ። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነን፣ በአውቶቡስ የመጣ ዕቃ ተመልሶ አይሄድም። የትራንስፖርቱን ብር ከበጀትህ ቀንሰህ ራስህ ሂድ፣ ወይም ካሜራ የሚያውቅ ሰው ይየው። ሜሞሪም እንደዚሁ፣ ላዩ ላይ 64 ጊጋ ተጽፎ ውስጡ 8 የሆነ ፎርጅድ ሞልቷል። ገዝተህ እንደመጣህ እስኪሞላ ቪዲዮ ቅዳበትና ሁሉም ይከፈት እንደሆነ እይ፣ ምርቃት ቀን ከምታውቀው።

እዚሁ ጅማ የሚሸጥ ካገኘህ ግን ጻፍልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ፣ ላፕቶፑንና ኬብሉን ይዤ እመጣለሁ፣ አብረን እናየዋለን። ቡናውን አንተ ትከፍላለህ።