ተራው ሳይደርስ የተጫወተ ሰው ቅጣቱ ምን ይሁን?

ሰላም ለማራኪው ጠያቂያችን። ነገሩን ላስታውስ፤ በ5 ደቂቃ ቼዝ ጓደኛህ አንተ እጅህን ከጠጠሩ ሳታነሳ መልሱን ይጫወትብሃል። ግማሹ ሰው «ተሸናፊ ይባል»፣ ግማሹ «አንድ ወታደር ይነሳበት» አለህ። እኔ በሁለቱም አልስማማም። ፒያሳ ከምንገናኘው ልጆች ጋር በዚህ ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀናል! አሁን የምንሠራው እንዲህ ነው፤ ጠጠሩ ይመለሳል፣ ለተበደለው 1 ደቂቃ ይጨመርለታል። በቃ።

መጀመሪያ ግን ጥፋቱን እንለይ። እጅህን ካነሳህ በኋላ፣ ሰዓቱን ገና ሳትመታ (የራስህን አቁመህ የእሱን ሳታስነሳ) ቢጫወት አላጠፋም። በዓለም የቼዝ ፌዴሬሽን፣ በፊዴ ሕግ፣ ጠጠሩን ስትለቅ ተራው የእሱ ነው። አንተ ሰዓትህን እንድትመታ ግን ሊፈቅድልህ ይገባል። እጁን ሰዓቱ ላይ ጭኖ ከከለከለህ ያኔ አጠፋ። እኛ ጋ አብዛኛው ጩኸት የሚነሳው በዚህኛው፣ ጥፋት ባልሆነው ነው።

እጅህ ጠጠሩ ላይ እያለ ከተጫወተስ? ያገኘው ጥቂት ሰከንድ ነው፤ አንተንም ያደናግርሃል። ግን ሐሳቡን ቀድሞ አሳይቶሃል። የነካኸውን ጠጠር የመጫወት ግዴታ አለብህ፤ ካልለቀቅከው ግን ሌላ ቤት ላይ ልታሳርፈው ትችላለህ። መልሱን አይተሃላ! ይህ ብቻውን ግማሽ ቅጣት ነው። በዚያ ላይ ወታደር ማንሳት ግፍ ነው። ልማዱ ከዳማ የመጣ ይመስለኛል። በቆርኪ ስንጫወት መብላት ሲገባው ያልበላ ቆርኪው ይነሳበት ነበር። እዚያ ጥፋቱም ሰሌዳው ላይ ነው። እዚህ የተወሰደው ጊዜ ነው፤ ጊዜ ይመለስ።

«ታዲያ ከአጥፊው ሰዓት ለምን አይቀነስም?» የሚል አይጠፋም። እኛም ጋ ተሞክሯል። ችግሩ እንዲህ ያለ ጥፋት የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ ሁሉም ሲጣደፍ ነው። 20 ሰከንድ ከቀረው ሰው 1 ደቂቃ ልትቀንስ? ያው አሸነፍከው ማለት ነው። 4 ደቂቃ ያለው ደግሞ ብዙም አይሰማውም። ለተበደለው ስትጨምር ግን ማንም በቅጣቱ ብቻ አይሸነፍም።

ልኩን የወሰድነው ፊዴ ለሕገወጥ እርምጃ ካስቀመጠው ነው። 10 ደቂቃና ከዚያ በታች በሆነው ብሊትዝ ለተጋጣሚው 1 ደቂቃ ይጨመራል፤ ከዚያ በላይ በሆነው 2 ደቂቃ። ያው ሰው ሁለተኛ ከደገመ ይሸነፋል። ሳይጫወቱ ሰዓት መምታትም፣ በሁለት እጅ ካስል ማድረግም (ንጉሡንና ግንቡን በአንድ ተራ ማንቀሳቀስ) እዚያው ይመደባሉ። የእጁን ነገር እኛ በወዳጅ ጨዋታ እንተወዋለን፤ እዚያ ድረስ ከሄድን ማን ይመጣል?

አንድ ነገር ግን አጥብቀን ይዘናል። ክስ የሚሰማው ራስህ ቀጣዩን ሳትጫወት ነው። መልሰህ ከተጫወትክ በኋላ «ቅድም እኮ...» ማለት የለም።

አንዱ ልጃችን በተያዘ ቁጥር የአያቶቻችንን ሰንጠረዥ፣ የድሮውን የሀገራችንን ቼዝ፣ ይጠቅሳል። እውነቱን ነው፤ በድሮው ሰንጠረዥ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ተራ የለም። ሁለቱም እኩል ያንቀሳቅሳሉ፤ ወረራ ይሉታል። «እኔ ወረራ ላይ ነኝ» ይላል ሳቁን እየዋጠ። ደቂቃዋ ግን ትጨመርበታለች።

በስልክ ሰዓት የምትጫወቱ ከሆነ መጀመሪያ ሰዓቱን አቁሙ፤ ክርክሩ ከዚያ ይቀጥል። አፑ ደቂቃ መጨመር ይችል እንደሆነም ሳትጀምሩ እዩ።

ቡና ወይም ብር ከተያዘበት ዳኛ ይቀመጥ። ዳኛው ግን ቀጣዩን ጨዋታ የሚጠብቀው ሰው አይሁን። እሱ ቶሎ እንዲያልቅለት ብሎ «ተሸንፈሃል፣ ተነስ አያ!» ነው የሚለው።