አድቫይዘር ስለመምረጥ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ «ከደሴ ነኝ፣ ሁለተኛ ዲግሪዬን በሶሻል አንትሮፖሎጂ ልጀምር ነው፤ አድቫይዘር ስመርጥ ማዕረጉን ልይ ወይስ የሚያጠናውን?» ብለሻል። ብዙ ሰው «ፕሮፌሰር ያዢ» ብሎ መክሮሻል። እኔ እንደዚያ አድርጌ ስምንት ወር አቃጥያለሁ፣ ትንሽ ላስረዝምብሽ።

የኔ ርዕስ ቅሬ፣ ማለትም የወሎ እድር፣ ነበር። እኛ ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው የሚቀባበረው፤ ማን መቃብር እንደሚቆፍር፣ ማን ድንኳን እንደሚተክል፣ ከሁለቱም ወገን ለመጣ ለቀስተኛ ምን እንደሚቀርብ ልጅ ሳይቀር ያውቃል። ይህን ልጽፍ ስማቸው የገነነ መምህር ያዝኩ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ግን የሶሺዮሎጂ ሰው ናቸው፣ የሚያጠኑት ከገጠር ወደ ከተማ የሚደረገውን ፍልሰት ነው። ፕሮፖዛሌን አይተው «ናሙናህ ስንት ነው? መጠይቅህስ?» አሉኝ። መጠይቅ በተንኩ። «በቅሬው አገልግሎት ረክተዋል?» ተብሎ የተጠየቀ የሰፈሬ ሰው ምን ይበል? ግማሹ «አልሐምዱሊላህ»፣ ግማሹ «ተመስገን» አለኝ። በዚህ ቻፕተር አይሞላም። ጥፋቱ የሳቸው ብቻ አይደለም፣ ከመያዜ በፊት ከጻፉት አንድ ገጽ እንኳ አላነበብኩም። የደሴ ወጣት ወደ ዓረብ አገር ስለመሄዱ የምጽፍ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ከሳቸው የተሻለ አላገኝም ነበር።

መምህር የሚያስተምረውና የሚያጠናው አንድ ላይሆን ይችላል። ኮርስ የሚያድለው ዲፓርትመንቱ ነው፤ የዝምድናና የጋብቻ ኮርስ የሚሰጠው ሰው ሌላ አስተማሪ ስለጠፋ ብቻ ተጭኖበት ይሆናል። ፊልድ ግን ወዶ ነው የሚወጣው (የፕሮጀክት ገንዘብ ካልጎተተው በቀር)። ስለዚህ ክረምት ክረምት የት እንደሚሄድ ጠይቂ።

«ወሎን አጥንቷል» የሚለውም ብቻውን አያታልልሽ። የ1977ቱን ረሃብ ውሰጂ። ደሳለኝ ራህማቶ ያዩት የአምባሰልን ገበሬ ነው፦ እህሉ ሲመናመን መጀመሪያ ምን ይቀንሳል፣ ምን ይሸጣል፣ በሬውን እስከ መቼ ይዞ ይቆያል። ዶ/ር አሉላ ፓንክረስት ደግሞ የወሎን ሰው ተከትለው ወለጋ ሰፈራ ጣቢያ ድረስ ወረዱ፤ ከአገሩ የተነቀለ ሰው በማያውቀው መሬት ኑሮን እንዴት እንደሚያቆም ጠየቁ። መጽሐፎቻቸው በ1991 እና በ1992 እ.ኤ.አ. የወጡ ናቸው። ረሃቡ ያው ረሃብ ነው፣ አንዱን መጽሐፍ አንብበሽ ሌላውን ስታነቢ ግን ሌላ አገር የገባሽ ይመስልሻል።

በኋላ የተቀየሩልኝ መምህርት ደቡብ ውስጥ ስለ እርቅ የሠሩ ናቸው፣ ወሎን ረግጠው አያውቁም። መጀመሪያ የጠየቁኝ «ቅሬተኛው እርስ በርሱ ሲጣላ ወዴት ትሄዳላችሁ?» ብለው ነው። አበጋር ጋ፣ የሚያስታርቁን ሽማግሌዎች ጋ፣ አልኳቸው። «ታዲያ ፕሮፖዛልህ ውስጥ የት አሉ?» የሉም! አበጋር ለኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ደጃችን ላይ እንዳለ ዋርካ ናቸው፣ ስለነሱ ይጻፋል ብዬም አላስብም። ቲሲሴ እዚያች ጥያቄ ላይ ተወለደ። ከዚያ ሁለት ወር ሽማግሌ ሲቀመጥ አብሬ ተቀመጥኩ። ወረቀት ሳወጣ ሁሉም ዝም ስለሚል ማታ ቤት ገብቼ ነበር የምጽፈው። መምህርቷ ማስታወሻዬን በየአስራ አምስት ቀኑ ያነቡና «ይኼ ሰውዬ ለምን ከሌሎቹ ራቅ ብሎ ተቀመጠ?» ዓይነት ነገር ይጠይቁኛል። አንዳንዱን መልሼ ሄጄ ነው የማጣራው።

አንቺም ከመወሰንሽ በፊት የመምህሩን የቅርብ ጊዜ ጽሑፍ አንድ ሁለት አንብቢ። ከሳቸው ጋር ዲፌንስ ያደረጉ ልጆችን ደግሞ የላኩት ቻፕተር በስንት ጊዜ ተነብቦ እንደሚመለስ ጠይቂ፤ የኔ አንዱ ቻፕተር ሦስት ወር ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል።

ርዕስሽን አልነገርሽንም። ወዳጃ (ሰው ተሰብስቦ የሚያደርገው ዱዓ) ወይም መንዙማ ከሆነ፣ የታሪክ ምሁሩ ሁሴን አህመድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለነበረው የወሎ እስልምና የጻፉትን ሳታነቢ ማንንም መምህር እንዳታናግሪ። መጽሐፉ እኔ ጋ አለ፣ ደሴ ካለሽ አውስሻለሁ። አብሽሪ።