«ውቃቢ» ወይስ «ጠባቂ መልአክ»? ስለ ኦርፌዎስ ስያሜና አጻጻፍ

ጥያቄ፦ «ፐርሶና 3» የተባለውን የቪዲዮ ጌም ታሪክ ለጓደኞቼ በአማርኛ እየጻፍሁ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ በጭንቅ ጊዜ የሚጠራው፣ ስሙ ከግሪክ አፈ ታሪክ የተወሰደ ጠባቂ አለው። «ጠባቂ መልአክ» ብዬ ጽፌ ሳስነብበው ወንድሜ «ይህማ ዛር ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ትክክለኛው ቃል የትኛው ነው? ስሙንስ «ኦርፊየስ» ልበል ወይስ «ኦርፌዎስ»?

መልስ፦ የስያሜውን ጥያቄ ላስቀድም፤ ይበልጥ የሚያከራክረው እርሱ ነውና። ጌሙን አትለስ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2006 ለፕሌይስቴሽን 2 አወጣው፤ በ2024 ደግሞ እንደ አዲስ ሠርቶ አቀረበው። ኦርፌዎስ በገናውን በጀርባው ተሸክሞ ከወጣቱ ውስጥ ብቅ ሲል «እኔ አንተ ነኝ፤ ከነፍስህ ባሕር መጣሁ» የሚል መልእክት ያለው ንግግር ይናገራል። ስለዚህ ቃሉን ስንመርጥ መጠየቅ ያለብን መንፈሱ ከየት እንደሚመጣና አማርኛ ከእርሱ ጋር የትኛውን ግስ እንደሚያስከትል ነው።

«መልአክ» ላክሁ ከሚለው የግዕዝ «ለአከ» የወጣ ስለሆነ፣ በትርጉሙ ውስጥ ሁልጊዜ ላኪ አለ። ኦርፌዎስን ግን የላከው የለም፤ ስለዚህ ቃሉ ውብ ቢሆንም ቦታው አይደለም። «ዛር» ከዚህም ይርቃል፤ ዛር «ይሰፍርበታል»፣ «ይነሣበታል» እንጂ ሰው አያዝዘውም፤ የሰፈረበትም ሰው «የዛር ፈረስ» ይባላል፤ ጋላቢው ዛሩ ነው ማለት ነው። በጌሙ ውስጥ ጠሪውም አዛዡም ወጣቱ ስለሆነ ግንኙነቱ የተገላቢጦሽ ነው። ወንድምዎ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ለማለት ግን አልደፍርም፤ ኦርፌዎስ ለመጀመሪያ ጊዜ በተጠራበት ትዕይንት ታናጦስ፣ ማለትም ሞት፣ ኦርፌዎስን ሰንጥቆ ሲወጣና ወጣቱ ሊያዝዘው ሳይችል ሲቀር፣ «ተነሣበት» ከማለት የተሻለ አማርኛ አላገኝለትም።

«አድባር»ም አይሆንም። ቃሉ በግዕዝ «ደብር» ለሚለው፣ ተራራ ማለት ነው፣ ብዙ ቁጥር ሲሆን፣ በአማርኛም የአገርና የመንደር ጠባቂ እንጂ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። የተከበሩ አዛውንትን «የሰፈራችን አድባር» የምንላቸውም ለዚህ ነው።

የግሪኮቹ የራሳቸው ቃል «ዳይሞን» ነበር፤ ከክርስትና በፊት በጎውንም ክፉውንም ያጠቃልል ነበር። ባለቅኔው ሄሲዮድ የወርቃማው ዘመን ሰዎች ከሞቱ በኋላ በምድር ላይ የሚኖሩ በጎ ዳይሞኖች፣ የሟች ሰዎችም ጠባቂዎች ሆኑ ይላል። በአዲስ ኪዳን ግን የዚያው ቃል ዘር በአብዛኛው ለርኩስ መንፈስ ስለዋለና በግዕዝም በአማርኛም «ጋኔን» ተብሎ ስለተተረጎመ፣ ዛሬ ኦርፌዎስን «ጋኔን» ብንለው ከግሪኩ መነሻ ጋር የቱንም ያህል ቢዛመድ የአንባቢው ጆሮ አይቀበለውም።

የሚቀረን «ውቃቢ» ነው፤ የእኔም ምርጫ እርሱ ነው። ሥሩ የግዕዙ «ዐቀበ»፣ ጠበቀ፣ ነው፤ «ዐቃቤ ሕግ» እና «ዑቃቤ መልአክ» የሚሉት ስያሜዎች ዘመዶቹ ናቸው። ውቃቢ ከሰውየው ጋር የሚኖር፣ የሰውየውን ግርማና ዝንባሌ የያዘ ነው። «ውቃቢው ራቀው» ስንል ሰውየው ከራሱ የሆነ ነገር እንደጎደለው መናገራችን ነው፤ «ውቃቢዬ አልወደደውም» ሲልም ሰው የሚናገረው ስለ ሌላ አካል ሳይሆን ስለ ራሱ ስሜት ነው። «እኔ አንተ ነኝ» ለሚል መንፈስ ከዚህ የቀረበ ቃል የለንም። ቃሉ ከባዕድ አምልኮ ጋር ስለሚያያዝ የሚቀፈው አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ፤ ስለዚህ መጀመሪያ «ጠባቂ መንፈስ» ብለው ካስተዋወቁት በኋላ ወደ «ውቃቢ» ቢሸጋገሩ መልካም ነው።

ጌሙ እንዲህ ያለውን ጠባቂ የሚጠራበትን «ፐርሶና» የሚለውን ቃል ግን እንዳለ ይተዉት። በላቲን የተዋናይ ጭንብል ማለት ነበር፤ የግሪኩ አቻው «ፕሮሶጶን» በግዕዝ ሊቃውንት ዘንድ «ገጽ» ተብሏል። ጥያቄዎን ሲጽፉ «ገጸ ባሕርይ» ባሉ ጊዜ ሳያስቡት የቃሉን የሩቅ ዘመድ ጠርተውታል።

ወደ ስሙ ስንመጣ «ኦርፌዎስ» ይሻላል። «ኦርፊየስ» በእንግሊዝኛ አፍ በኩል ዞሮ የመጣ ነው፤ እኛ ግን ከግሪክ በቀጥታ የመቀበል የቆየ ልማድ አለን። ልማዱ ከግሪክ ፊደላት ፒን በ«ጰ»፣ ካጳን በ«ቀ»፣ ታውን በ«ጠ» መጻፍ ሲሆን፣ ሦስቱም «ጰራቅሊጦስ» በሚለው አንድ ቃል ውስጥ ተሰብስበዋል። ቴታ ግን «ተ»፣ ኪ ደግሞ «ከ» ይሆናል፤ «በርተሎሜዎስ» እና «ክርስቶስ» ምስክሮች ናቸው። እንደ «ቲቶ» ያለ ከሥርዓቱ ያፈነገጠ ስም ቢኖርም፣ በዚህ መሠረት ሞት «ታናጦስ»፣ በጌሙ ውስጥ የውሻው ፐርሶና የሆነው ባለ ሦስት ራሱ የሲኦል ዘበኛም «ቄርቤሮስ» እንጂ «ሰርበረስ» አይሆንም።

ከጌሙ ስሞች አንዳንዶቹ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ቀድመው ገብተዋል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14 የልስጥራ ሰዎች በርናባስን «ድያ»፣ ጳውሎስን «ሄርሜን» ይሏቸዋል፤ እነዚህ የግሪክ አማልክት ዜውስና ሄርሜስ ናቸው፤ ቅርጻቸው የተለየው ተርጓሚዎቹ የግሪኩን ተሳቢ መልክ እንዳለ ስለወሰዱት ነው። ስለዚህ ከዚያ ገልብጠው «ሄርሜን መጣ» ብለው እንዳይጽፉ፤ ባለቤት ሲሆን «ሄርሜስ» ነው። በምዕራፍ 28 ደግሞ ጳውሎስ የተሳፈረባት የእስክንድርያ መርከብ የዲዮስቆሮስ ዓላማ ነበረባት። ዲዮስቆሮስ «የዜውስ ልጆች» ማለት ሲሆን፣ የመርከበኞች ጠባቂ ተብለው የሚታመኑት መንትዮች የካስቶርና የፖሊዲውከስ የጋራ ስም ነው፤ ሁለቱም በፐርሶና 3 ውስጥ የሁለት ባልንጀሮች ፐርሶና ሆነው ይገኛሉ። የሁለተኛውን ስም በደንቡ መሠረት «ጶሊዴውቄስ» ብሎ መጻፍ ቢቻልም፣ አንባቢን ማስጨነቅ ስለሚሆን እኔ ራሴ አላደርገውም። «ዲዮስቆሮስ» ግን በ451 በኬልቄዶን ጉባኤ የተወገዘው፣ በቤተ ክርስቲያናችንም እንደ ቅዱስ የሚከበረው የእስክንድርያ ፓትርያርክ ስም ስለሆነ፣ መንትዮቹን በአንድነት ሲጠሩ «መንትዮቹ ዲዮስቆሮሶች» ብለው ይለዩአቸው።